ተኝታ ያልተኛችው እናት

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለአረጋውያንና ለቤተሰቦቻቸው ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ወደየቤታችሁ ሳትሄዱ ስለቆያችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ወረቀት ሁሉ በዚያ ስለሚጻፍ እንዳይምታታባችሁ ብዬ ነው።

በአማርኛችን ሰው ሆስፒታል ገብቶ ሲታከም «ተኛ» እንላለን። «እትዬ እንዴት ናቸው?» ተብሎ «ተኝተዋል» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። አልጋ ይዘዋል፣ ሐኪም ይጎበኛቸዋል፣ እኛም ሾርባ በፔርሙዝ ይዘን እንሄዳለን። አገር ቤት ካርድ ክፍሉም የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ተኝቶ ታካሚና ተመላላሽ ታካሚ። ተመላላሽ ማለት ታክሞ ቤቱ የሚያድር ነው። እዚህ አሜሪካ ግን አራት ሌሊት ሆስፒታል አድሮ፣ የሆስፒታሉን ልብስ ለብሶ፣ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለት፣ በወረቀት ግን ተመላላሽ የሆነ ሰው አለ። ቁጥሩም ብዙ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ሰው ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ኬዝ ማኔጀር ሆኜ ነው፤ በሽተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የማመቻች ማለት ነው። እንዲህ ሆኜ ነገሩ በገዛ አክስቴ ላይ ደረሰ።

አክስቴ 79 ዓመቷ ነበር። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወደቀችና የዳሌዋ አጥንት ተሰነጠቀ። ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም፣ በዕረፍትና በፊዚዮቴራፒ ይድናል አሉ። ከኢመርጀንሲ፣ ከድንገተኛ ክፍሉ ማለት ነው፣ ወደ ላይ ክፍል ወጣች፤ አራት ሌሊት አደረች። ሕመሙ ስለበረታባት ማስታገሻውን በደም ሥር ነበር የሚሰጧት። በአምስተኛው ቀን «ብቻዋን መራመድ አትችልም፣ ሪሃብ ትግባ» ተባለ፤ ሪሃብ በሽተኛው እስኪበረታ ተኝቶ ፊዚዮቴራፒ የሚሠራበት ተቋም ነው። ልጇ ደስ ብሏት የተሰጣትን ሁሉ ፈረመች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አክስቴ ምርኩዝ ይዛ ቤቷ ገባች፤ እኛም ቡና አፍልተን «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። ወር ሳይሞላ ከሪሃቡ ከ8 ሺህ ዶላር በላይ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ። ሜዲኬር አልከፍልም ብሏል።

ምክንያቱ ይህ ነው። መደበኛው ሜዲኬር የሪሃብ ቆይታን የሚሸፍነው በሽተኛው አስቀድሞ ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀን ሆስፒታል «አድሚት» ሆኖ፣ ማለትም ሐኪሙ ይተኛ ብሎ ፈርሞበት በይፋ ተኝቶ ታካሚ ተብሎ፣ ከተኛ ነው። አክስቴ በአራቱም ሌሊት «ኦብዘርቬሽን» ነበረች፤ ለክትትል የቆየች ተመላላሽ ማለት ነው። ተኝታ አልተኛችም።

ይህን የሚናገር ወረቀት ተሰጥቷት ኖሯል። በእንግሊዝኛ፣ በምሽት፣ ማስታገሻ ከወሰደች በኋላ። ፈርማበታለች። ቦርሳዋ ውስጥ ከውዳሴ ማርያሟ ጋር ታጥፎ አገኘሁት። እኔም በየቀኑ እየሄድኩ ስለ ሕመሟ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ ጠይቄያለሁ፤ በምን ስም እንደተኛች ግን አልጠየቅሁም። አራት ሌሊት ያደረ ሰው አድሚት ነው ብዬ ገመትኩ። ለሰው ሁሉ የማስጠነቅቀውን ለራሴ ሰው ሳላስታውስ ቀረሁ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ይህ ነገር ከየት መጣ? ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ሜዲኬርን ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ፈርመው በ1966 ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ያወጣውን ወጪ አስልቶ ያቀርባል፣ ሜዲኬርም ይከፍላል። በሽተኛው አንድ ቀን በቆየ ቁጥር የአንድ ቀን ገንዘብ ይጨመራል። መካከላችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የነዳችሁ ብዙ ናችሁና ቶሎ ይገባችኋል፤ እንደ ታክሲው ሜትር ነበር። ሜትር ባለበት ማንም ለመድረስ አይቸኩልም።

በ1983 ሕጉ ተለወጠ። የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ሮበርት ፌተርና ጆን ቶምፕሰን በሽታዎችን በምድብ በምድብ የሚከፋፍል ዘዴ ሠርተው ነበር፤ መጀመሪያ ያሰቡት የሆስፒታልን አሠራር ለመመርመር እንጂ ለክፍያ አልነበረም። ኒው ጀርሲ ለክፍያ ሞከረችው፤ ከዚያ ኮንግረስ አጸደቀው፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ፈረሙት። ከዚያ ወዲህ ለሳንባ ምች ይህን ያህል፣ ለዳሌ ስብራት ይህን ያህል ተብሎ ዋጋው አስቀድሞ ተቆረጠ። በሽተኛው 4 ቀንም ተኛ 9 ቀን፣ ክፍያው በአብዛኛው ያው ነው። ዲሲ በ2008 ታክሲዎቿን ከዞን፣ በቀጠና ከተቆረጠ ዋጋ፣ ወደ ሜትር ስታዞር የነበረውን ጭቅጭቅ ታስታውሳላችሁ። ሜዲኬር የሄደው በተቃራኒው ነው፤ ከሜትር ወደ ዞን። በዞን ጊዜ መንገድ ሲዘጋ የሚባክነው ጊዜ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ1980 ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ ሰው ሆስፒታል ከገባ በአማካይ 11 ቀን ገደማ ይተኛ ነበር። በ1990 ወደ 9 ቀን ተጠጋ። በ2000 6 ቀን ገደማ ደረሰ። በሃያ ዓመት ውስጥ ቆይታው በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረው።

መድኃኒቱና ቀዶ ጥገናው መሻሻሉም አለበት፤ ሁሉንም በገንዘብ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ረጅም መተኛትም በራሱ ጉዳት አለው። የአረጋዊ ሰው ጡንቻ በአልጋ ላይ በጥቂት ቀን ይሟሽሻል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል፣ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል። «እባካችሁ ትንሽ ትቆይ» ብላችሁ ስትለምኑኝ ሁልጊዜ የማልስማማው ለዚህ ነው። ግን በ1990 የታተመው የራንድ የምርምር ተቋም ትልቅ ጥናት አንድ ነገር አሳየን፤ ይህንን ልብ በሉልኝ። ከአዲሱ ክፍያ በኋላ የሟቾች ቁጥር በአጠቃላይ አልጨመረም። ነገር ግን ሕመማቸው ሳይረጋ፣ ትኩሳቱ ወይም ትንፋሹ ወይም የልብ ምቱ ሳይስተካከል ከሆስፒታል የሚወጡት ከ100 ሰው 15 የነበሩት 18 ሆኑ። ሳይረጉ ከወጡት መካከል በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ100 ሰው 16 ናቸው፤ ረግተው ከወጡት 10። ሐኪሞቹ ቶሎ፣ ግን ሳይሽረው የሚወጣው በሽተኛ ይሉ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ እነዚያ የተቀነሱት አምስት ቀናት የት ሄዱ? እናንተ ቤት ነው የሄዱት። ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ትሠራው የነበረውን ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ደግፎ ማንሳት ዛሬ ልጅ ትሠራዋለች። አገር ቤት አስታማሚ የሚባል ሰው አለ፤ አልጋው ሥር አንጥፎ የሚያድር፣ መድኃኒት የሚገዛ፣ የሚያጥብ። እዚህ ስንመጣ «ነርሶቹ ሁሉን ያደርጋሉ» ብለን ያንን ሰው ተውነው። ግን አሠራሩ ራሱ አስታማሚ አለ ብሎ ነው የሚያስበው፤ ሆስፒታል ሳይሆን ቤት ውስጥ። ማንም ግን በግልጽ አይነግራችሁም። ሌሊት የሌላ ሰው እናት ስታስታምም ያደረች ልጅ ጠዋት የራሷን እናት ለማንሳት ጉልበት አይኖራትም። መካከላችሁ ሆም ኬር የምትሠሩ እህቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

በ2009 የወጣ ጥናት ከሆስፒታል ከወጡት የሜዲኬር በሽተኞች ከአምስቱ አንዱ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ እንደሚተኛ አሳየ። ለውስጥ ደዌ ተኝተው በወር ውስጥ ከተመለሱት ግማሾቹ በመሃል አንድም ሐኪም ጋ መሄዳቸውን የሚያሳይ ሂሳብ አልተገኘም። እኔ ለሰዎቼ የምለው ይህንን ነው፤ የሐኪም ቀጠሮ ሳትይዙ፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይጻፍላችሁ ከሆስፒታል አትውጡ። በሳምንት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ነገር ልናገር፣ ካህናቱም እዚህ ስላላችሁ። የልብ ድካም ያለባቸው እናቶች በዐቢይ ጾም ጠዋት መድኃኒት አይወስዱም። የሚያሸናውን ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩታል፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ይዘሉታል። ከዚያ እግራቸው ያብጣል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ወደ ኢመርጀንሲ ይመጣሉ። ሚዛን ግዙላቸው። በየማለዳው ይመዘኑ። በአንድ ቀን ከ2 እስከ 3 ፓውንድ፣ ወይም በሳምንት 5 ፓውንድ ከጨመሩ ለሐኪሙ ይደወል። የንስሐ አባታቸው «ልጄ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ» ቢሏቸው የእኔ ሃያ ቃል የማያደርገውን ያደርጋል። አባቶች፣ እለምናችኋለሁ።

መንግሥትም ያንን የመመለስ ቁጥር አይቶ ከ2012 ጀምሮ በሽተኞቻቸው ቶሎ ቶሎ የሚመለሱባቸውን ሆስፒታሎች መቅጣት ጀመረ። ቅጣቱ ከሜዲኬር ክፍያቸው እስከ 3 በመቶ ይደርሳል። የመመለሱ ቁጥር ቀነሰ። በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ በልብ ድካምና በሳንባ ምች ታክመው ከወጡት መካከል የሚሞቱት መጨመራቸውን ገለጸ፤ ቅጣቱ ነው ምክንያቱ ወይስ ሌላ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ኦብዘርቬሽን ላይ የቆየ ሰው ግን አስቀድሞም እንደተኛ ስለማይቆጠር፣ ቢመለስም «ተመልሶ የተኛ» አይባልም። ወደ አክስቴ አልጋ የሚመልሰን ይህ ነው።

ኦብዘርቬሽን መጀመሪያ የታሰበው ለጥቂት ሰዓት ነው። ደረቱን ያመመው ሰው ይታይ፣ ልቡ ደህና ከሆነ ይሂድ፣ ካልሆነ አድሚት ይደረግ፤ በጎ ሐሳብ ነው። ከ2010 ገደማ ጀምሮ ግን ሜዲኬር የቀጠራቸው ኦዲተሮች በመላ አገሪቱ ተሰማርተው አጭር የሆስፒታል ቆይታዎችን እየመረመሩ «ይህ ሰው መተኛት አልነበረበትም» እያሉ የተከፈለውን ገንዘብ ያስመልሱ ጀመር። ኦዲተሮቹ ካስመለሱት ላይ ድርሻ አላቸው። ሆስፒታሎቹ ፈሩ። ጥርጣሬ ያለበትን ሁሉ ኦብዘርቬሽን ማለት ቀለላቸው። በ2012 ብቻ ቢያንስ 3 ሌሊት ሆስፒታል ያደሩ፣ ነገር ግን 3 የአድሚት ሌሊት ያልነበራቸው ቆይታዎች ከ617 ሺህ በላይ እንደነበሩ የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ በ2013 ሪፖርት አደረገ። አክስቴ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ መንገዱ ግን ቀድሞ ተጠርጎ ነበር።

ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ የሁለት እኩለ ሌሊት ደንብ ወጣ። ሐኪሙ በሽተኛው ሁለት እኩለ ሌሊት የሚያሳልፍ ሕክምና ያስፈልገዋል ብሎ ከገመተ አድሚት ያድርገው ይላል። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው፣ ቀስ ብዬ ልናገር። ለዚህ ደንብ ኢመርጀንሲ ውስጥ ያደራችሁትም ይቆጠራል። ለሪሃቡ ሦስት ቀን ግን አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ሐኪሙ አድሚት ብሎ ከፈረመበት ጊዜ ጀምሮ ነው፣ የመውጫው ቀንም አይገባበትም። ስለዚህ ሰኞ ማታ ኢመርጀንሲ ገብታ፣ ማክሰኞ ማታ አድሚት ተደርጋ፣ ዓርብ ጠዋት የወጣች እናት ያላት ሦስት ቀን ነው፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሐሙስ ብትወጣ ሁለት ነው፣ ሪሃቡም አይከፈልላትም።

የገንዘቡ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ2025 አድሚት የሆነ ሰው በቅድሚያ ከኪሱ የሚከፍለው 1,676 ዶላር ነበር፤ ከዚያ እስከ 60 ቀን ሜዲኬር ይሸፍናል። ሦስቱን ቀን አሟልቶ ሪሃብ ከገባ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት በነጻ ናቸው፣ ከ21 እስከ 100 ያሉት በ2025 በቀን 209 ዶላር ተኩል ነበሩ። ኦብዘርቬሽን የሆነ ሰው ግን የሚከፍለው በፓርት ቢ፣ በሜዲኬር የተመላላሽ ሕክምና ክፍል፣ ነው፤ ከእያንዳንዱ አገልግሎት 20 በመቶ። ቤቱ በየቀኑ የሚወስደው የደም ግፊትና የስኳር ኪኒን ሆስፒታል ውስጥ ቢሰጠውም ፓርት ቢ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም። ሪሃቡን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

የጉልበት ቅያሪም እንዲሁ ሆኗል። እስከ 2017 ሜዲኬር የሚከፍለው በሽተኛው ከተኛ ብቻ ነበር። ከ2018 ጉልበት፣ ከ2020 ዳሌ በተመላላሽም ይሠራ ተባለ። ዛሬ ጠዋት ተሠርቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው አለ። ብርቱ ለሆነና ቤቱ ሰው ላለው መልካም ነው። ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን ለሚኖሩ፣ አሳንሰር ለሌላቸው እናት ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ መነገር አለበት። ይሉኝታ ይዞን «ደህና ነኝ፣ ሰው አለኝ» እንላለን። አንበል።

እዚህ ሜሪላንድ አንድ ልዩነት አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግዛቲቱ የሆስፒታል ዋጋን ራሷ ትወስናለች፤ ከ2014 ወዲህ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሆስፒታል የዓመት ጠቅላላ በጀት ይቆረጥለታል። ብዙ ሰው ስለተኛ ገንዘቡ አይጨምርም። ስለዚህ ሆስፒታሎቻችን ሰው ባይተኛ ይመርጣሉ፤ ለመከላከል ሥራ ጥሩ ነው፣ ብዙ ክሊኒክና ክትትል አምጥቷል። የኢመርጀንሲ ወረፋችን ግን በአገሪቱ ረጅም ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ኮሪደር ላይ ያደራችሁ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? የመጀመሪያው ሌሊት ላይ፣ ለሐኪሙ ወይም ለኬዝ ማኔጀሩ፣ በእነዚሁ ቃላት፦ «አድሚት ናት ወይስ ኦብዘርቬሽን?» መልሱን ከሰዓቱ ጋር ጻፉት። በማግስቱም ጠይቁ፣ ሊቀየር ይችላልና። ኦብዘርቬሽን ከሆነች ምክንያቱን ጠይቁ፤ መደበኛ ሐኪሟ ደውሎ እንዲያነጋግራቸው አድርጉ። ከ24 ሰዓት በላይ በኦብዘርቬሽን የቆየ የሜዲኬር በሽተኛ የጽሑፍ ማሳወቂያ ሊሰጠውና በቃልም ሊብራራለት ይገባል፤ ይህ ከ2017 ጀምሮ ግዴታ ነው። በአማርኛ ይብራራልኝ በሉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ አስተርጓሚ አይደለም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ እንደ ውለታ አትቁጠሩት።

አድሚት የሆነ ሰው ሳይሻለው ውጣ ከተባለ ይግባኝ አለው። ሲተኛ የተሰጠው የመብት ማሳወቂያ ላይ ስልክ አለ፤ በመውጫው ቀን እስከ እኩለ ሌሊት፣ ከሆስፒታሉ ሳይወጣ መደወል ነው። ውሳኔው እስኪመጣ፣ ከመጣም እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ድረስ ለተጨማሪው ቆይታ አይጠየቅም። መጀመሪያ አድሚት ተደርጎ በኋላ ወደ ኦብዘርቬሽን የተቀየረ የመደበኛው ሜዲኬር በሽተኛም ከፌብሯሪ 2025 ጀምሮ ሁኔታው በሚፈቅደው መሠረት ይግባኝ ማለት ይችላል። ይህ መብት በዝምታ አልመጣም። በሽተኞችና ቤተሰቦቻቸው በ2011 ከሰሱ፣ በ2020 ተፈረደላቸው፣ በ2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናላቸው። አንዳንዶቹ ከሳሾች ፍርዱን ሳያዩ አርፈዋል። ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ኦብዘርቬሽን የነበሩትን፣ እንደ አክስቴ ያሉትን፣ ግን አይጨምርም። ይህ መስተካከል አለበት፤ ለኮንግረስ ተወካዮቻችሁ ስትጽፉ ይህንን ጻፉ።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠውን ሜዲኬር፣ የያዛችሁ፣ ዛሬ ከሜዲኬር ተጠቃሚው ከግማሽ በላይ ነው፣ ብዙዎቹ የእናንተ ዕቅዶች ሦስቱን ቀን አይጠይቁም። ግን ሪሃብ ከመግባት በፊት የኩባንያው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከከለከሉም ይግባኝ በሉ፣ አትተዉት። በግሪን ካርድ የመጡ ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ፣ ዕድሜያቸው 65 ከሆነና 5 ዓመት በተከታታይ ከኖሩ ሜዲኬርን መግዛት ይችላሉ፤ እነሱ ወይም የትዳር ጓደኛቸው እዚህ ሠርተው ካልከፈሉ ፓርት ኤ፣ ተኝቶ መታከምን የሚሸፍነው ክፍል፣ በ2025 በወር እስከ 518 ዶላር ይደርስ ነበር። የልጅ ሥራ ለወላጅ አይቆጠርም።

አክስቴ ባለፈው ክረምት በሳንባ ምች ተመልሳ ገባች። ልጇ ከሥራ በቀጥታ መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ጥያቄውን ጠየቀች። «አድሚት፣ ዛሬ ማታ 10፡40» አሏት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር ጀርባ ጻፈችው። ሦስተኛው ሌሊት ካለፈ በኋላ ሪሃብ ገባች፣ በአሥራ አንድ ቀን ወጣች፣ የሪሃብ ዕዳ አልመጣም። አሁን ከኋላ በስተግራ ተቀምጣለች፣ ነጭ ነጠላ የለበሰችው። ያኔ በማታ የፈረመችው ወረቀት ከእጇ ነው፤ ምን እንደሚመስል ማየት የምትፈልጉ ጠይቋት፣ ታሳያችኋለች።